ከመርከቧ ጋር የሰጠመው ደብዳቤ

እትዬ መነጽር ይሏታል እንጂ እሷስ መነጽር አድርጋ አታውቅም። ወጣቱ ዓይኑን አጥብቦ የማያነበውን ደቃቅ ጽሑፍ እሷ ክንድ ሙሉ አርቃ ይዛ ትወጣዋለች። ስሙ የወጣላት መነጽር ቤት ስለምትሠራ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው አፍንጫ ላይ ፍሬም ስታስተካክል፣ ጣት የማታክል ካቻቢቴ ይዛ ብሎን ስታጠብቅ፣ «ጆሮዎ ጋ ይቆረቁርዎታል?» ስትል የኖረች ሴት ናት። የሱቁ ባለቤት ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ባለችው ጨለማ ክፍል ቁጭ ብሎ የሰው ዓይን ይመረምራል። ቀኑን ሙሉ የሚለው ነገር አንድ ነው፤ «ቀጥ ብለህ እይ፣ ቀጥ ብለሽ እዪ።» ሰፈሩም ጋሽ ቀጥበል ብሎታል። ቅጽል ስም በማውጣት ያ ሰፈር ሰንፎ አያውቅም።

ታዲያ እኔ የማወራችሁ ስለ ፍሬም አይደለም። ይቺ ሴት መጽሐፍ ትጽፋለች። አራት አሳትማለች፣ አምስተኛው ላይ ናት። የአምላክ ነገርና የፍቅር ነገር አንድ ላይ የተሰፉባቸው ታሪኮች ናቸው፤ ዘመኑም ሁልጊዜ ያው ነው፣ ባዕዳን አገር ይገዙ የነበረበት የቅኝ ግዛት ዘመን። ልጅቱ ገረድም ትሁን አስተማሪ እግዚአብሔርን ፈሪ ናት። ልጁ ልበ ደንዳና ነው፤ ምዕራፍ አሥር ላይ ይንበረከካል። ገዥው ክፉ ነው፣ ሚስቱ አንዳንዴ ትሻላለች። እጅ ለእጅ ከመነካካታቸው በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይጸለያል። መጨረሻ ላይ ከድንጋይ በተሠራች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይጋባሉ፤ አንባቢውም መሐረቡን ያወጣል። ተማርኩ የሚለው ሰው «ይሄ ደግሞ ምኑ መጽሐፍ ነው?» እያለ ከንፈሩን ያጣምማል። ያጣምም። እኔ ግን አውቶቡስ ውስጥ የሷን መጽሐፍ ስታነብ ፌርማታው ያለፋትን ሴት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሴትዮዋ እንዳለፋት ስታውቅ አልተቆጣችም፣ አንገቷን ደፍታ ማንበቧን ቀጠለች።

የምትጽፈው ሱቅ ውስጥ ነው። ጋሽ ቀጥበል ምሳውን በልቶ ወንበሩ ላይ ሲያንጎላጅ፣ እሷ ጊዜው ያለፈበት የምርመራ ካርድ ጀርባ ላይ ትጭራለች። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ያገኘቻቸው የድሮ ፎቶግራፎችና አንድ የእንፋሎት መርከብ የጉዞ ሰሌዳ መሳቢያዋ ውስጥ አሉ፤ ሰሌዳውን በቃሏ ታውቀዋለች። በነገሯ ጥንቁቅ ናት። አንድ ጊዜ የገዥውን ሚስት ቀሚስ ዚፕ ካስዘጋች በኋላ «ያኔ ዚፕ ነበር እንዴ?» ብላ ሦስት ቀን ስትብሰለሰል ቆየችና ዚፑን አውጥታ አሥራ ስምንት ቁልፍ ተከለችበት። ቁልፎቹን የምትቆልፈው ገረድ በዚያው ሰበብ ታሪኩ ውስጥ ገብታ ሁለት ምዕራፍ ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ ትገባና መጀመሪያ መስታወቱ ላይ፣ ከመስታወቱ ተደርድረው በተሰቀሉት ፍሬሞች ላይ፣ ከዚያ ጣሪያው ላይ ትበተናለች። ያን ጊዜ ሱቁ ይርቃል። ጣሪያው ላይ የሚንቀጠቀጠው ብርሃን የባሕር ውሃ ይሆናል፤ የመንገዱ ጫጫታ የወደብ ጫጫታ ይሆናል። ነጭ ልብስ የለበሱ ሹማምንት ጃንጥላ ተይዞላቸው ሲያልፉ ታያለች። የከሰል ጭስ ይሸታታል። ደንበኛ በሩን ከፍቶ ሲገባ ቀና ትልና ለአፍታ ከየትኛው ዘመን እንደመጣ ታጤነዋለች። «እትዬ መነጽር ዛሬም መርከብ ላይ ናት» ይላል ጋሽ ቀጥበል ከመጋረጃው ጀርባ። አይቆጣትም፤ እሱም የመጽሐፎቿ አንባቢ ነው፣ ቢሞት ግን አያምንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ፊቷ ግን ማንም አያነሳውም። እትዬ መነጽር የምትጠብቀው ሰው አላት። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የታጨችለት ቀያሽ ነበር፤ መሬት የሚለካ፣ ረጅም፣ ሲስቅ ትከሻው አብሮ የሚስቅ። ለሁለት ዓመት ትምህርት ባሕር ተሻግሮ ሄደ። ያኔ ስልክ እንዳሁኑ በየኪሱ አልገባም፤ የሚገናኙት በደብዳቤ ነበር። ስምንት ጻፈላት። ስምንተኛው አጭር ነው፤ የሚቀጥለው ረጅም ይሆናል፣ ሁሉንም ነገር በሱ እነግርሻለሁ ይላል። የሚቀጥለው አልመጣም። አንድ ወር፣ ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት፣ ወፍ የለም።

እሷም በልቧ አንድ ነገር ቆረጠች። ደብዳቤው ጠፍቷል። ተጽፏል፣ ተልኳል፣ መንገድ ላይ ጠፍቷል። እሱም መልሷን ጠብቆ ጠብቆ፣ ናቀችኝ ብሎ ሆድ ብሶት ዝም ብሏል። ይሄን እምነት ይዛ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረችበት። ስንቱ ሽማግሌ ሊልክባት ሲል በሰው በሰው አስመለሰችው። አንድ ቀን የእህቷ ልጅ ስልኳን አውጥታ «አክስቴ፣ ስሙን ብቻ ንገሪኝ፣ በአምስት ደቂቃ ያለበትን አገኝልሻለሁ» ብትላት ክው አለች። «ስሙን ረሳሁት» አለቻት። ረሳሁት! ስምንቱን ደብዳቤ ከነቴምብሩ ቀለም በቃሏ የምትወጣ ሴት ስሙን ረሳሁት አለች። ልጅቱም ገባትና ስልኳን ኪሷ ከተተች።

እንግዲህ አምስተኛው መጽሐፍ ስለ አንዲት አስተርጓሚ ነው። በሚስዮን ያደገች፣ በገዥው ችሎት ቆማ የሕዝቧን እሮሮ ወደ ገዥዎቹ ቋንቋ የምትመልስ ልጅ ናት። የምትወደው ሰው ድልድይ ሠሪ ነው። ገዥዎቹ ሙያ ይማር ብለው ባሕር አሻግረው ይልኩታል፤ ከዚያ ሆኖ ሁሉን የሚያስረዳ ረጅም ደብዳቤ ይጽፍላታል። ደብዳቤውን የያዘችው መርከብ በማዕበል ትሰጥማለች። የፖስታ ከረጢቱ ቀስ እያለ ወደ ጥልቁ ሲወርድ፣ ቀለሙ ከወረቀቱ ለቅቆ እንደ ጭስ ውሃው ውስጥ ሲበተን፣ ይሄን የጻፈችበት ምዕራፍ ዘጠኝ ሁለት ገጽ ተኩል ነው። እኔ አንብቤዋለሁ፤ አልዋሽም፣ አልቅሻለሁ።

ደራሲዋ ሁልጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት አዲሱን ምዕራፍ ይዛ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ትሄዳለች። እዚያ ስድስት ሴቶች የመዘምራኑን ካባ ይጠግናሉ። አለቃቸው ልብስ ሰፊዋ ናት፣ የልጅነት ባልንጀራዋ፤ አፏ በመርፌ ተሞልቶ እንኳ ከማውራት የማትቦዝን ሴት። እትዬ መነጽር ታነባለች፣ ሴቶቹ ይሰፋሉ፣ ምዕራፉ ሲከርር መርፌው ይቆማል። በምዕራፍ ዘጠኝ ቀን አንድ ካባ እጅጌው ተገልብጦ ተሰፍቶ ተገኝቷል።

መጽሐፉ ሊያልቅ አንድ ምዕራፍ ሲቀረው ግን ነገር ተበላሸ። ድልድይ ሠሪው መመለስ አለበት። መርከቡ ወደቡ ይደርሳል፣ መሰላሉ ይወርዳል፣ ሰውዬው ሻንጣውን ይዞ ይወርድና አስተርጓሚዋ ፊት ይቆማል። ከዚያ ዝም። አራት ጊዜ ጻፈችው፣ አራት ጊዜ አፉን አልከፍት አላት። መናገር ያለበት በጠፋው ደብዳቤ ውስጥ የነበረውን ነው፤ እሱ ውስጥ ምን እንደነበረ ደግሞ ደራሲዋም አታውቅም። ሦስት ቅዳሜ ባዶ እጇን ሄደች። አንዴ ራሴን አሞኝ ነው አለች፣ አንዴ የምጽፍበት ካርድ አለቀብኝ አለች። ሴቶቹ ተነጫነጩ፤ ልብስ ሰፊዋማ ልጅቱን በአንድ እግሯ ወደብ ላይ አቁመሽ የት ልትደርሺ ነው ብላ አፋጠጠቻት። ምን ትበል? ድልድይ ሠሪው ካልመጣ የሷም ሰው አይመጣም። እንዲህ ብላ ለራሷ በቃል ተናግራ አታውቅም፤ ብዕሯን ያነሳች እንደሆነ ግን እጇ የሚታሰረው ለዚህ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ዕለት አንድ ሽማግሌ ሱቁ ገቡ። ፖስተኛ ነበሩ። ሠላሳ አራት ዓመት ከረጢት አንግተው የከተማውን ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ አሁንም ሲሄዱ አንደኛው ትከሻቸው ዘንበል ይላል። ከሁለት ዓመት በፊት ሚስታቸው ሞተውባቸዋል። በቤተ ክርስቲያን ከኋላ ወንበር ስለሚቀመጡ እትዬ መነጽር በመልክ ታውቃቸዋለች፣ አውርተው ግን አያውቁም። የቅርብ ጽሑፍ አላይ አለኝ አሉ። ጋሽ ቀጥበል ቀጥ ብለው እንዲያዩ አድርጎ መረመራቸውና፣ ቁጥሩን ጽፎ ወደሷ መለሳቸው። እሷም የመሞከሪያውን ፍሬም አፍንጫቸው ላይ አስቀምጣ ሌንሶቹን አንድ በአንድ ከተተችና፣ የሚያነቡት ነገር ከያዙ በሱ ይሞክሩት አለቻቸው።

ከደረት ኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ማጠፊያው ተበልቶ እንደ ጨርቅ ለስልሷል። የቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ርዕሶች ዝርዝር ነበር። ይሄ ዝርዝር እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነውና። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ደብተር አለው፤ ጭንቅ ያለበት ሰው እዚያ ላይ ይጻፍለታል። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ሁሉንም ደብተር ሰብስባ በአንድ ወረቀት ታባዛና፣ እንጸልያለን ብለው ቃል ለገቡ ሰዎች ታድላለች። ገበናው እንዳይወጣ በስም አይጻፍም። የታመመው ሾፌር፣ ልጇ የኮበለለባት እናት፣ እንዲህ ነው የሚባለው። ይሄ ደግሞ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

ሽማግሌው በአዲሱ ሌንስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። የታመመውን ሾፌር አነበቡ። ሥራ ያጣውን ወንድም አነበቡ። ቀጥለውም፦

«አስተርጓሚዋ። የምትወደው ሰው ባሕር ማዶ ሄዶ ደብዳቤው ጠፍቶባት ብዙ ዓመት የምትጠብቅ። ወይ እንዲያመጣላት፣ ወይ እንዲያሳርፋት።»

ካቻቢቴዋ ከእጇ አምልጣ መሬት ወደቀች። እሳቸው ግን አላዩም። «ጥርት ብሎ ይታያል» አሉ ደስ ብሏቸው። ከዚያ ወረቀቱን እያጠፉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ይሄን ዝርዝር ለማን ብዬ ነው የማሳድደው መሰለሽ አሏት። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ጸሎት አፋቸው ላይ እንደ አሸዋ ሆኖባቸው እንደነበር፣ ቃሉን ይላሉ እንጂ ልባቸው ከድቶ ሌላ ቦታ እንደነበር አወሩላት። ከአምስት ወር በፊት ይቺን አስተርጓሚ ሲያነቡ ግን አንጀታቸውን በላቻቸው። ስለ ደብዳቤ ስለሆነ ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ይጸልዩላታል፣ ረቡዕ ረቡዕም ይጾሙላታል። ነውር መሆኑን ባውቅም እያሉ አንገታቸውን ሰበር አደረጉና፣ ታውቂያት ይሆን አሏት።

እውነቱን መናገር ያለባት ያኔ ነበር። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «አውቃታለሁ» የሚል ነበር። ስንት ዓመት ሆናት አሏት። ሃያ ሁለት አለች፤ ምላሷን ብትነክሰው በወደደች። ደብዳቤው የት ነው የጠፋው ሲሏት፣ መርከብ ሰጥሞ ነው የሚባለው አለች። ሽማግሌው ቅንድባቸውን አነሱ። የድሮ ሙያቸው ሲነካ ትከሻቸው ቀጥ አለ። የትኛዋ መርከብ? በየት በኩል? እኔ ሳልሰማው? መነጽሩ ሐሙስ እንደሚደርስ ስትነግራቸው፣ እስከዚያ እኔም አጣርቼ እመጣለሁ ብለው ወጡ። በሷ ጭንቅላት ውስጥ የሰጠመችን መርከብ ሊያጣሩ!

ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ልብስ ሰፊዋ ቤት ገሰገሰች። ባልንጀራዋ ሱሪ እያሳጠረች ነበር። ማን ጻፈው ስትላት አልካደችም፤ እኔ ነኝ አለች፣ መርፌዎቹን ከአፏ እያወጣች። ምዕራፍ ዘጠኝን የሰሙ ዕለት ሆዷ ባብቶ፣ የቡድናቸው የጸሎት ደብተርም ጭኗ ላይ ነበር፣ ሳታስበው ጻፈችው። በሳምንቱ አንዷ እንሰርዘው አለች። ሌላዋ ደግሞ ልጅቱ ሳትዳር ከመሃል ማውጣት ደግ አይደለም፣ ስትዳር በምስጋና እናወጣታለን አለች። እናም ቀረ። ሁለቱም ሳይወዱ በግድ ሳቁ። እትዬ መነጽር ስለ ሽማግሌው ስትነግራት ግን ልብስ ሰፊዋ ሳቋን ትታ ሱሪውን መልሳ አነሳች። ሄደሽ ራስሽ ንገሪያቸው አለቻት። ከዚያም ዓይኗን ከሱሪው ሳታነሳ፣ «የሷንስ እኛ ጻፍንላት፤ ያንቺን መች አስጻፍሽን?» አለች። እትዬ መነጽር ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በሃያ ሁለት ዓመት ይሄን አፍ አውጥቶ ያላት ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሽማግሌው መጡ። የሸሚዛቸውን አንገት አጥብቀው ቆልፈዋል፣ የሥራ ጉዳይ ይዘው የመጡ ይመስላሉ። ጋሽ ቀጥበል ከመጋረጃው ጀርባ ደንበኛ ይዟል። እሷ መነጽሩን አደረገችላቸው፣ ጆሯቸው ጋ አስተካከለችው። እሳቸው ቸኩለዋል። አጣራሁ አሉ። በውጭ አገር ደብዳቤ ክፍል ሠላሳ ዓመት የሠራ ጓደኛ አላቸው፤ ቀን ከነወሩ የሚያስታውስ ሰው ነው። በዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ፖስታ ይዛ የሰጠመች መርከብ የለችም። አንድ ጊዜ አንድ ከረጢት ዝናብ ገብቶበት ነበር፤ እሱንም ገመድ ወጥረን እንደ ልብስ አስጥተን፣ ደርቆ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ለየባለቤቱ ደርሷል አሉ። እና ለልጅቱ ምን ብለን እንነግራታለን ብለው ተጨነቁ። ከልባቸው ነበር የተጨነቁት።

እትዬ መነጽር ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሴትዮዋ የለችም» አለቻቸው።

«ሞተች?»

«ኖራም አታውቅም። እኔ የጻፍኳት ናት። መጽሐፍ ውስጥ ያለች ሰው ናት፤ በስህተት ነው ዝርዝሩ ላይ የገባችው።»

ሽማግሌው አዲሱን መነጽር አወለቁ። አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከመጋረጃው ጀርባ «ቀጥ ብለህ እይ» የሚለው ድምፅ ይመጣል። ፊታቸው ሲገረጣ አየችው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አምስት ወር አሉ፣ ለራሳቸው። መጽሐፍ መጻፍሽ አላስቀየመኝም አሉ፤ ግን ሽማግሌ ሰው፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው፣ ለሌለ ሰው ሲጾም መክረሙ ያዋርዳል። ይሄንኑ በግልጽ ነገሯት። ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው አዩት፤ ሊቀድዱት ነው ብላ ጠበቀች። አልቀደዱትም።

«እኔ ግን ልንገርሽ» አሉ ቆይተው። «ሠላሳ አራት ዓመት በር ያንኳኳሁ ሰው ነኝ። ሰው የሌለበት ቤት ድምፁ ሌላ ነው፤ ገና ጣትሽ ሲያርፍበት ታውቂዋለሽ። ለሷ ስጸልይ ቤቱ ባዶ አልነበረም። ሰው ነበረበት። ማን ናት?»

ዝም ብትል ሽማግሌው ተነስተው ይሄዱ ነበር። እሷም ወደ ጣሪያው ብርሃን፣ ወደ ወደቧ፣ ወደ ነጫጭ ጃንጥላዎቿ ትመለስ ነበር። ቅዳሜ የሆነ ነገር ፈጥራ ድልድይ ሠሪውን ታናግረው ነበር። ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥል ነበር፤ እንደነበረ መቀጠል ደግሞ እንዴት ደክሟት እንደነበር እዚያች ወንበር ላይ እስክትቀመጥ አላወቀችም።

«እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ ነገረቻቸው። ስለ ቀያሹ፣ ስለ ስምንቱ ደብዳቤዎች፣ ስምንተኛው ላይ ስላለው ቃል። በሃያ ሁለት ዓመት ቤት ያልቀየረችው ዘጠነኛው መጥቶ እንዳያጣት መሆኑን፣ ጣሪያው እያፈሰሰ እንኳ አከራይዋን እሺ እሺ እያለች እዚያው መኖሯን ነገረቻቸው። የነገረቻቸው እንደ መጽሐፏ አልነበረም፤ ይዘባረቅ ነበር፣ ወደ ኋላ ትመለስ ነበር፣ ዓመተ ምሕረቱን ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። ሽማግሌው አላቋረጧትም። ስትጨርስ እንደ ባለሙያ ጥቂት ነገር ጠየቋት፤ ደብዳቤው የሚመጣው በቤት ነበር ወይስ በሳጥን፣ የትኛው ቅርንጫፍ፣ የመጨረሻው በስንት ቀን ደረሰ። ሁሉንም ታውቀዋለች። ከዚያ በኋላስ አሏት። ዘጠነኛው ከጠፋ በኋላ፣ አሥረኛው የት አለ? አሥራ አንደኛውስ? እሷ ግን የሰማቻቸው አትመስልም፤ እጃቸውን ይዛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ደብዳቤ ይጠፋል አይደል?»

ይሄን ሽማግሌ አስቡልኝ። አምስት ወር ሙሉ አጽናናት እያሉ የለመኑላት ሴት እጃቸውን ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች። አዎ ቢሏት፣ በቀላሉ አዎ ቢሏት፣ ተደስታ ትነሳ ነበር። አፋቸው ላይ ደርሶ እንደነበር እኔ እርግጠኛ ነኝ።

«አንድ ይጠፋል፣ ልጄ» አሏት። «አንድ ሊጠፋ ይችላል። የሃያ ሁለት ዓመት ግን አይጠፋም።»

እትዬ መነጽር አለቀሰች፤ መጽሐፎቿ ውስጥ ሴቶች እንደሚያለቅሱት በአንዲት ጠብታ አይደለም፣ ትከሻዋ እየተናጠ፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ፣ በደምብ አድርጋ አለቀሰች። አመማት። ሰውየው አለመጻፉ ብቻ አይደለም ያመማት፤ ይሄን ከስድስተኛው ወር ጀምሮ ማወቋ ነው። ጋሽ ቀጥበል መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየና ቀስ ብሎ መለሰው። ሽማግሌው አላባበሏትም። መሐረባቸውን ሰጧትና በመስኮቱ መንገደኛውን እያዩ አጠገቧ ቁጭ አሉ። ፀሐይ ገና መስታወቱ ጋ አልደረሰችም፤ ሱቁ ሱቅ ብቻ ነበር፣ መሳቢያዎች፣ ፍሬሞች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የፊደል ሰሌዳ።

ፊቷን ስትጠርግ መጽሐፉ እንዴት ሊሆን ነው ብለው ጠየቋት። ደራሲ ናትና አልዘገየችም። መርከቧን አላሰምጣትም አለች፤ ምዕራፍ ዘጠኝን አወጣዋለሁ፣ መርከቧም ከረጢቷን ይዛ በሰላም ወደብ ትግባ፤ ለአስተርጓሚዋ የተጻፈ ደብዳቤ ግን ከረጢቷ ውስጥ አይኑር። ሴቶቹ ይጮሁብሻል አሏት። ይጩሁ አለች፤ ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ትጮሃለች፣ ከዚያ ታቅፈኛለች። ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ተነስተው መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ወረቀቱን አጥፈው ወደ ደረት ኪሳቸው መለሱ። በሩን ከፍተው ሊወጡ ሲሉ ግን እጀታውን እንደያዙ ቆሙ።

«ጸሎቱንስ? ልተወው?»

እትዬ መነጽር አሰበችበት።

«አይተዉት» አለች። «ሰውየውን ግን ከጸሎቱ ያውጡልኝ።»